አንሶላዎቹን አስገባን

ዝናብን የግል ንብረቱ አድርጎ የያዘ ሰው በዚያች ከተማ ቢኖር ሚሊሜትር ነበር። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ሚስቱና የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ናቸው። ለሌላው ሁሉ ጋሽ ሚሊሜትር ነው፤ ሲያቆላምጡት ጋሽ ሚሊ፣ ዞር ሲል ደግሞ ጠብታ ቆጣሪው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየቀኑ፣ ከጠዋቱ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ቤቱም በሚገኝበት በአየር ጠባይ ጣቢያው ግቢ ወደተተከለው የዝናብ መለኪያ ይሄዳል። አፈ ሰፊውን ክዳን ያነሣል፤ ውስጡ የተጠራቀመውን ውሃ ወደ ብርጭቆው መስፈሪያ ይገለብጣል፤ ጎንበስ ብሎ የውሃውን ወለል ከዐይኑ እኩል ያደርግና ቁጥሩን መዝገቡ ላይ ይጽፋል። በሠርጉ ማግስት ለክቷል። አባቱን በቀበረ ማግስት ለክቷል። አንድ ጊዜ ወባ ይዞት ሲንቀጠቀጥ ሚስቱ በብብቱ ደግፋው ለክቷል፤ እሷ ግን ደመናውንም እሱንም እየረገመች ነበር የደገፈችው።

በመዝገቡ ላይ ከቁጥሩ ጎን «አስተያየት» የሚል ዓምድ አለ። የሚሊሜትር የአስተያየት ዓምድ ሠላሳውንም ዓመት ባዶ ነው። ይኮራበት ነበር። ቁጥር አስተርጓሚ አይፈልግም ባይ ነው።

ትጋቱ ክፋት አልነበረውም፤ ክፉው ምላሱ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ሬዲዮ ጣቢያው ይደውልለታል፤ እሱም ሽንጡን ገትሮ ያንኑ ይናገራል። በጋው እንዳለ አለ፣ በልጉም እንዳለ አለ፣ ክረምቱ ግን እየከዳን ነው፤ የሚጠራጠር ካለ ቁጥር ይዞ ይምጣና እንከራከር። ማን ቁጥር ይዞ ይመጣል? ቁጥሩ ያለው እሱ ጋ ነው። ታክሲ ነጂው ለተሳፋሪው «ክረምቱ ከዳን እኮ» ይለዋል፤ መምህሩ ለተማሪ ያጽፈዋል። ማዘጋጃ ቤቱማ እልል ብሎ ነው የተቀበለው፤ ዝናብ እየቀነሰ ከሆነ ቦይ መጥረግ ምን ያደርጋል? ጎርፉ ታችኛው ሰፈር ገብቶ አልጋ ሲያንሳፍፍ ባለሥልጣኖቹ «ያልተጠበቀ ዝናብ» ይሉና ይገላገላሉ። በየዓመቱ በአንድ ወር፣ በአንድ መንገድ የሚመጣ እንግዳ ያልተጠበቀ የሚሆነው፣ ላለመጠበቅ ደመወዝ ለሚከፈለው ሰው ብቻ ነው።

የከተማዋ ዝናብ ጠባዩ የታወቀ ነው። ሁለት ጊዜ ይመጣል። የበልጉ ከምሥራቅ ተነሥቶ ማለዳ ላይ፣ ነፋስ ሳያስከትል ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ሰውን ሳያበሰብስ ቤቱ የሚያደርስ ጨዋ ዝናብ ነው። የክረምቱ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ጠዋት ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። ቀትር ካለፈ በኋላ ከምዕራቡ ተራራ ጀርባ ጥቁር ደመና ይነሣል፣ ነፋሱ ቀድሞ መንገዱን ይጠርጋል፣ ከዚያ ዝናቡ አግድም እየተነዳ ይመጣና ጃንጥላ ይገለብጣል፣ በግድግዳ ስንጥቅ ይገባል። ሁለት ሰዓት ያህል ከተማዋን ሲገርፍ ቆይቶ እንዳልነበረ ይሆናል። ክረምቱ ሲወጣ ረጅሙ በጋ ይተካል፤ መጀመሪያ ብርዱ፣ ቀጥሎ አቧራው።

ይህን ከሚሊሜትር እኩል የምታውቅ አንዲት ሴት ነበረች፤ የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ። በቀን ሁለት መቶ አንሶላ አጥቦ ሜዳ ላይ ለሚያሰጣ ሰው ሰማይ ማለት አለቃ ነው። የአየር ጠባይ ጽሕፈት ቤቱ በአንድ ወቅት በየሰፈሩ በጎ ፈቃደኛ ለኪዎች ሲፈልግ እጇን አወጣች። በልብስ ማጠቢያው ግቢ መለኪያ ተተከለላት፤ ሰባት ዓመት ለካች። ቁጥሯን በጥንቃቄ ትጽፋለች፤ የአስተያየት ዓምዱን ግን ባዶ አልተወችውም። «ነፋስ ከተራራው በኩል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በረዶ ጣለ። አንሶላዎቹን አስገባን።» ሌላ ቀን ደግሞ፣ «ቀኑን ሙሉ ዳመና፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። አንሶላዎቹ ሳይደርቁ አደሩ።»

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት በጽሕፈት ቤቱ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ አንድ ሰው፣ የአጣቢዋ የክረምት ቁጥር ከዋናው ጣቢያ ለምን እንደሚበልጥ ጠየቀ። ቅን ጥያቄ ነበር። ሚሊሜትር ግን ቆሽቱ አረረ። ተነሥቶ ደንቡን አነበነበ። መለኪያ አጠገቡ ካለው ነገር፣ ግድግዳም ይሁን ዛፍ፣ ቢያንስ የዚያን ነገር ቁመት እጥፍ መራቅ አለበት። የአጣቢዋ ግድግዳ ሁለት ሜትር ተኩል ቁመት አለው፤ መለኪያዋ አምስት ሜትር መራቅ ሲገባው ሦስት ሜትር ላይ ነው የቆመው፤ ራሴ በሜትር ለክቼ መጥቻለሁ አለ። እዚህ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ በሥራው ጥብቅ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። አልተቀመጠም። መዝገቧን አነሣና፣ ድምፁን አቅጥኖ፣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ የአስተያየት ዓምዱን ለአዳራሹ ያነብ ጀመር። «አንሶላዎቹን አስገባን» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ገጽ ገልጦ ደገመው። በሦስተኛው ላይ ሰዉ ራሱ እየቀደመ አብሮት ይል ነበር።

«ይሄ የአየር ጠባይ መዝገብ ነው ወይስ የልብስ ማጠቢያ ዝርዝር?» ብሎ ተቀመጠ።

አጣቢዋ የኋላው ወንበር ላይ ነበረች። በሳምንቱ መለኪያው ከግቢዋ ተነቀለ፤ ሰባት ዓመት የለካችው ሁሉ ከከተማዋ መዝገብ ተሰረዘ፤ እሷም በሆስፒታሉም በሰፈሩም «አንሶላ» ተብላ ቀረች።

ዘንድሮ ጽሕፈት ቤቱ የከተማዋን የሠላሳ ዓመት የአየር ጠባይ በመጽሐፍ ሊያወጣ ተነሣ። የመጽሐፉ ትልቁ ምዕራፍ የሚሊሜትር ቁጥር ነው። ስሙ ሽፋኑ ላይ ሊወጣ ነው፤ እሱም ዓመቱ ሲያልቅ ጡረታ ሊወጣ ነው። ቁጥሩን የምታጠናቅረው የእህቱ ልጅ ናት፤ በመረጃ ክፍሉ የምትሠራ፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ፣ መስፈሪያ ማንበብ ያስተማራት ራሱ ሚሊሜትር። አንድ ጠዋት ጣቢያው ድረስ መጥታ ሁለት ዓምድ ቁጥር ያለበት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። አንዱ የእሱ ነው። ሌላው የአጣቢዋ፤ የተሰረዘውን መዝገብ ከዕቃ ቤት ሣጥን ውስጥ ፈልጋ አውጥታዋለች።

ሚሊሜትር ወረቀቱን በጣቱ ጫፍ ገፋው። ግድግዳውን አነሣ፣ ደንቡን አነሣ፣ በመጨረሻም ሴትየዋ ከቧንቧ ውሃ ሳትጨምርበት አትቀርም እስከማለት ደረሰ። ልጅቷ እስኪጨርስ ጠበቀችና ዓምዶቹን በእርሳስ እየነካች አሳየችው። በልግ ላይ ሰባቱንም ዓመት ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ክረምት ላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እኩል ናቸው። በሦስተኛው አጣቢዋ በሃያ ሚሊ ሜትር ትበልጣለች፣ በአምስተኛው በስድሳ፣ በሰባተኛው በመቶ ሠላሳ።

«ውሃ የምትጨምር ሰው ብትሆን በልግ ላይ ለምን አልጨመረችም አጎቴ?» አለችው።

ሚሊሜትር ጮኸ። የአንሶላ ቁጥር ይዘሽ በእኔ ላይ ትመጫለሽ፣ እኔ ስለካ አንቺ ገና አልተወለድሽም፣ ሌላም ሌላም አላት። ልጅቷ ወረቀቱን እዚያው ትታ፣ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ መጥታ የመለኪያውን ቦታ እንደምታይ ነግራው ወጣች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ክረምቱ እንደ ልማዱ ከተራራው ወረደ። ሚሊሜትር በረንዳው ላይ ቆሞ ግቢውን ያያል። ከመለኪያው በስተምዕራብ አንድ ትልቅ ማንጎ አለ፤ ራሱ የተከለው፣ ከልኬት በኋላ ለሚቀመጥባት አግዳሚ ወንበር ጥላ እንዲሆን። ይህ ሰው ሠላሳ ዓመት ዝናብን ያየው ብርጭቆ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው፤ ሲወርድ ቆሞ ያየበትን ቀን አያስታውስም። ዛሬ ግን የልጅቷ ጥያቄ ዐይኑን ይዞ መሬት ላይ ተከለበት። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ቀዩን አፈር ማጥቆር ጀመሩ። ግቢው በሙሉ ጠቆረ። ከማንጎው ግንድ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋ፣ ረጅም ምላስ የሚመስል መሬት ብቻ ደረቅ ሆኖ ቀረ። ነፋሱ ዝናቡን እየነዳ ከዛፉ ጋር ያላትመዋል፤ ዛፉ ከኋላው ያለውን ይከልላል። የዝናብ መለኪያው በዚያ ደረቅ ምላስ ላይ ቆሟል።

በምሥራቅ በኩል ምንም ዛፍ የለም። በልጉ የሚመጣው ደግሞ ከምሥራቅ ነው።

ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ ሚስቱን ጠርቶ የሜትሩን ጫፍ አስያዛት። ከመለኪያው እስከ ግንዱ ስድስት ሜትር። አንድ ሜትር ዱላ አቁሞ ጥላውን ለካ፣ የዛፉን ጥላ ለካ፣ አካፈለ። አሥራ አንድ ሜትር። እጥፉ ሃያ ሁለት። ሁለት ሜትር በጎደላት ሴት ላይ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያሳቀው ሰው፣ የራሱ መለኪያ አሥራ ስድስት ሜትር ጎድሎት ኖሯል።

ሚስቱ ሜትሩን እየጠቀለለች ፊቱን አየችውና ሰው የሞተበት እንደሚመስል ነገረችው። ገብቶ የጣቢያውን የታሪክ ፋይል አወጣ። የእጅ ጽሑፉ ዛሬም ያው ነው። «የማንጎ ችግኝ ተተክሏል። ርቀት 6 ሜትር። ቁመት 40 ሳንቲ ሜትር። ደንቡን ያሟላል።» የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ያኔ እውነት ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለአዳዲስ ሠልጣኞች ያንን ደንብ ሲያስተምር ፀሐይ እንዳይመታቸው ብሎ እዚያው ማንጎ ሥር ያስቀምጣቸው ነበር። አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩም። እሱም አላየም፤ በየቀኑ የሚያየውን ነገር ማን ሲያድግ ያያል?

እስከዚህ ድረስ ስሕተት ነው፤ ስለተሳሳተ የተሰቀለ ሰው የለም። ነገሩ ነውር የሆነው በማግስቱ ነው።

ወፍ ሲንጫጫ መሰላልና መጋዝ ይዞ ወጣ። ለራሱ የነገረው ምክንያት ነበረው፤ ስሕተት ሲገኝ ወዲያው ማረም የባለሙያ ግዴታ ነው። ሰው ራሱን ሲያታልል የሥራ ቋንቋ አያጣም። እውነቱ ግን ልጅቷ ሦስት ሰዓት ላይ ትመጣለች፣ እሱም ከዚያ በፊት ዛፉ ዛፍ እንዳይመስል ፈልጓል። ጫፉን ጣለው። ወደ መለኪያው የተዘረጉትን ቅርንጫፎች አንድ በአንድ ጣላቸው። ሚስቱ በመስኮት ብቅ ብላ ፍሬ የያዘ ዛፍ ምን አደረገህ ብትለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሙጫው በሸሚዙ እጅጌ ላይ ፈሰሰ፣ የእጁን አንጓ አቃጠለው። ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል፣ አሥራ አንድ ሜትር የነበረው ማንጎ አምስት ሜትር የማይሞላ ጉቶ ሆኖ ቆሟል።

ልጅቷ በሩን ከፍታ ስትገባ በማዳበሪያ ከረጢት ከባድ ነገር ተሸክማ ነበር። መጀመሪያ ቅርንጫፎቹን አየች፣ ቀጥሎ መጋዙን፣ በመጨረሻ እሱን። ከረጢቱን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው። ውስጡ ሌላ የዝናብ መለኪያ ነበር።

«ለምን ቆረጥከው?» አለች።

ቁጥሩን ያሳነሰው ዛፉ መሆኑን እንደደረሰበት፣ አሁን እንዳስተካከለው ነገራት። ድምፁ የተለመደው የአስተማሪ ድምፅ ነበር፤ ለራሱም ጆሮ ቀጠነበት።

«ትናንት ስወጣ አይቼዋለሁ» አለች። «ይሄን ያመጣሁት ለዚያ ነው። ዛፉ አንድ ክረምት ብቻ ቆሞ ቢሆን፣ ይሄን ገላጣው ላይ ተክለን ጎን ለጎን እንለካ ነበር። ዛፉ ምን ያህል እንደሚወስድ እናውቅ ነበር። አጣቢዋ ከተባረረች ወዲህ ያሉትን ዘጠኝ ዓመታት የምንመልሰው በእሱ ነበር አጎቴ።» ወደ ወደቁት ቅርንጫፎች ዞረች። «አሁን በምን እናስላው?»

ሚሊሜትር መጋዙን ከእጁ ማስቀመጥ እንዳለበት የታወሰው ያኔ ነው። ማንንም ያልከዳው ክረምት ዘጠኝ ጊዜ መጥቶ፣ ዘጠኝ ጊዜ ዘንቦ ሄዷል፤ ምን ያህል እንደነበር የሚያውቅ አንድ ምስክር ነበር፤ እሱን ደግሞ ሊደብቅ ብሎ በገዛ እጁ ጣለው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጥ ነበር። ልጅቷ አልተቆጣችም። መዝገቡን ገልጣ ብዕር ሰጠችው፤ ቢያንስ ዛፉ የተቆረጠበት ቀን በአስተያየት ዓምዱ ይግባ አለች። ብዕሩን ተቀበለ። ሦስት ሰዓት ሆኗልና የዕለቱን ልኬት ጻፈ። እጁ ከዚያ አላልፍ አለው። ዓምዱ ባዶ ቀረ።

የጽሕፈት ቤቱ ሥራ አስኪያጅ የሰማው የዛፉን ነገር ብቻ ነው። የመጋዙን ልጅቷም አልነገረችውም፤ ለአጎቷ ትታለታለች። ሥራ አስኪያጁ መጽሐፉ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚመረቅ፣ እንግዶችም እንደተጠሩ አስታወሰና፣ በገጹ ግርጌ አንዲት ማስታወሻ እንድትገባ ወሰነ። «በዛፍ እድገት ምክንያት በመሣሪያው አካባቢ አነስተኛ ማስተካከያ ተደርጓል።» ቢሮ የሚያፈራው ዓይነት ዐረፍተ ነገር ነው። ዛፉ አደገ፣ ማስተካከያው ተደረገ፤ መጋዝ የያዘ እጅ የትም የለም፣ የተሳቀባት ሴት የትም የለችም። ሥራ አስኪያጁ የሚሊሜትርን ትከሻ መታ መታ አድርጎ አይዞህ አለው። ሚሊሜትርን የዚያን ቀን ያህል ያሳፈረው መታ መታ የለም።

በሦስተኛው ቀን ወደ ሆስፒታሉ ሄደ። ዘበኛው ማንን ፈልገው ነው ሲለው አፉን ከፍቶ ቆመ። ስሟን አያውቅም። ሰባት ዓመት መዝገቧን ሲያገላብጥ ፊርማዋን እንጂ ስሟን አላነበበም። ከኋላው ሰው ተሰልፏል።

«ያቺ... አንሶላ የሚሏት» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ዘበኛው ሳቀ። «እንዲህ ይበሉ እንጂ ጋሼ! ሁለተኛውን ሕንፃ አልፈው፣ በጓሮ በኩል።»

ግቢው የሳሙናና የእንፋሎት ሽታ አለው። በሜዳው ላይ ገመዶች ከዳር እስከ ዳር ተወጥረዋል፤ አንሶላዎቹ እንደ ሸራ ነፋስ ሞልቷቸዋል። አጣቢዋ የደረቀውን እያወረደች ነበር። ፀጉሯ ሸብቷል። አየችው፤ አወቀችውም። ሰላምታውን ከመለሰች በኋላ የያዘችውን አንሶላ አንዱን ጫፍ ዘረጋችለት፤ ማጠፍ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ ሥራ ደግሞ ለእንግዳ አይቆምም። ያዘ። ወጠሩት፣ አጠፉት፣ ተጠጋጉ። እጁ ከእጇ ሲደርስ እጅጌውን አየች።

«የማንጎ ሙጫ ነው» አለች። «በሳሙና አይለቅም። የትኛውን ማንጎ ቆርጠው ነው?»

ሚሊሜትር ውሸት አዘጋጅቶ አልነበረም፤ ቢያዘጋጅም በእድፍ ላይ ሠላሳ ዓመት የኖረች ሴት ፊት አይቆምም። እያጠፉ ነገራት። ደረቁን ምላስ፣ ስድስቱን ሜትር፣ አሥራ አንዱን ሜትር፣ መጋዙን፣ የልጅቷን ከረጢት። አምስት አንሶላ ፈጀ። እሷ ማጠፉን አላቆመችም። ሲጨርስ አንድ የመጨረሻ ተስፋ ቀርቶት ነበርና፣ ምናልባት ከዚያ ወዲህ ለራስዎ ለክተው እንደሆነ ብሎ ጠየቃት።

«በምን?» አለች። «መለኪያውን ወሰዱት እኮ። ከዚያ ወዲህ ሲዘንብ አንሶላ ማስገባት ብቻ ነው።»

የመጣው ይቅርታ ሊጠይቃት እንደሆነ ነገራት። አጣቢዋ የታጠፈውን ክምር ደረቷ ላይ ደግፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብላ አየችው።

«እዚህ?» አለች። «ሳቁ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ይቅርታው አንሶላ መሃል ምን ይሠራል?»

ክምሩን ይዛ ገባች።

የመጽሐፉ ምርቃት በዚያው አዳራሽ ነው የሆነው። ወንበሮቹ ተቀይረዋል፤ ሰዎቹ ያው ናቸው። ሚሊሜትር እጅጌውን ሚስቱ ሁለት ጊዜ አጥባው ጥቁሩ አልለቅ ስላለ ኮት ደርቦ መጣ። የእህቱ ልጅ የጠራቻት አጣቢ የኋላው ረድፍ ላይ፣ እንደዚያን ጊዜው ተቀምጣለች። ሥራ አስኪያጁ ረጅም ንግግር አድርጎ፣ የከተማዋን ዝናብ በእጁ ይዞ የኖረው ሰው ስለ ክረምቱ ያንን የታወቀ ቃሉን ይንገረን አለና መድረኩን ሰጠው።

«ክረምቱ አልከዳንም» ብሎ ጀመረ።

የታሪክ ፋይሉን አነበበላቸው። ስለ ችግኙ፣ ስለ ሜትሩ፣ ከምዕራብ ስለሚመጣው ዝናብና ከኋላው ስለቀረው ደረቅ መሬት ነገራቸው። የአጣቢዋ ቁጥር ልክ እንደነበር፣ የእሷም ግድግዳ ትንሽ ሳይከልል ስለማይቀር እውነተኛው ክረምት ከእሷም ቁጥር ሊበልጥ እንደሚችል ነገራቸው። ከዚያ መዝገቧን አነሣ። ይህን ጊዜ በራሱ ድምፅ ነበር የሚያነበው። «ነፋስ ከተራራው በኩል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በረዶ ጣለ። አንሶላዎቹን አስገባን።»

ከፊት ረድፍ አንዱ በሳቅ ፍርፍር አለ። ከጎኑ ያሉት የድሮዎቹ ተከተሉት። ሳቁ እንደ ክረምቱ መንገዱን ያውቃል፤ ረድፍ ለረድፍ ተጉዞ ኋላ ደረሰ። ሚሊሜትር መዝገቡን እንደያዘ ቆሞ እስኪያልፍ ጠበቀ። ብዙ ቆየ፣ ወይም ለእሱ ብዙ መሰለው።

«ይህን ሳቅ ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ» አለ። «ነፋሱ በየት በኩል እንደመጣ የጻፈችው እሷ ናት። እኔ ሠላሳ ዓመት አንድ ቃል አልጻፍኩም። እሷንም ይቅርታ የምጠይቃት እዚሁ ነው፣ እናንተ እየሰማችሁ።»

ከዚያ ሥራ አስኪያጁ፣ ከዚህ የባሰ ሳይመጣ ነገሩን በጊዜ ለመቋጨት ፈልጎ፣ ተነሥቶ አጨበጨበ። ይህ ነው የባለሙያ ታማኝነት አለ። ሰዉ ሁሉ ተቀበለው። ጭብጨባው ሞቅ ያለ፣ ደስ የሚል ነበር፤ በሬዲዮው ዘመን ያገኘው ሁሉ ተደምሮ እንዲህ አልሞቀውም። መቀመጥ ብቻ ነበር የቀረው። አንድ ሰው በዛፍ ማደግ ተሳስቶ ራሱ አረመ፤ ከዚህ የሚያምር የጡረታ ሽኝት የት ይገኛል?

ወደ ኋላ አየ። አጣቢዋ አታጨበጭብም። የምታየው ፊቱን ሳይሆን ከኮቱ ሥር ብቅ ያለውን የእጅጌውን ጫፍ ነው።

«አልጨረስኩም» አለ።

ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቀለውና መጋዙን ነገራቸው። ዛፉ ቆሞ ቢሆን ዘጠኙ ዓመታት ይገኙ እንደነበር፣ እሱ ግን ከአንዲት ልጅ ዐይን ለመደበቅ ሲል በሁለት ሰዓት ውስጥ እንደጣለው፣ ለማረም ሳይሆን ለመደበቅ መሆኑን። ዘጠኙ ክረምት ከመጽሐፉ ይውጣ፤ ገጹ ባዶ ይታተም፤ ከሥሩም ለምን ባዶ እንደሆነ፣ ማን እንዳደረገው ይጻፍ አለ። ጭብጨባ አልመጣም። ለስሕተት የሚያጨበጭብ ሰው ሞልቷል፤ ነውር ሲነገር ግን ሰው ሁሉ የራሱን ጫማ ያያል። ሥራ አስኪያጁ ጣሪያውን ያይ ነበር። የእህቱ ልጅ ብቻ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች።

በመስኮቱ በኩል ከተራራው ጀርባ ጥቁሩ ደመና ተነሥቷል። አጣቢዋ አየችው፣ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ አንድ ወጣት የቢሮ ሠራተኛ ለጓደኛው «አንሶላ ልታስገባ ነው» አለው፣ ሁለቱም አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ያ ወጣት ከዘጠኝ ዓመት በፊት በዚያ አዳራሽ አልነበረም። ቅጽል ስሙን ማን እንዳወጣው አያውቅም። ሚሊሜትር መድረኩ ላይ ሆኖ ሰማው፤ የገዛ ራሱ ድምፅ ነበር።

መጽሐፉ ለእርማት ተመልሶ ዘገየ። በመጨረሻ ሲወጣ ስሙ ሽፋኑ ላይ አልነበረም፤ ዘጠኙ ዓመታት ባዶ ናቸው። ሬዲዮ ጣቢያው መደወሉን ተወ። ማዘጋጃ ቤቱ ግን ባዶዎቹን ገጾች አይቶ «አስተማማኝ መረጃ የለም» በሚል አዲስ ምክንያት ቦዮቹን ሳይጠርግ ዓመቱን አሳለፈ።

ከምርቃቱ በማግስቱ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሚሊሜትር ወደ መለኪያው ሄደ። ልጅቷ ያመጣችው ሁለተኛው መለኪያ ገላጣው ላይ ተተክሏል። ሁለቱንም ለካ። ጉቶው አሁን የሚከልለው ጥቂት ነውና ቁጥሮቹ የሚለያዩት በአንዲት ጠብታ ነበር። ጻፋቸው። ከዚያ ብዕሩን ሳያነሣ ወደ አስተያየት ዓምዱ አሻገረው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የጻፈው የመጀመሪያ አስተያየት ጠማማ ነው፤ የሙጫው ቁስል ገና አልዳነምና አንጓው አልታጠፍ ብሎታል።

«ትናንት ከሰዓት ነፋስ ከተራራው በኩል። ማንጎው የዛሬ ሳምንት ተቆርጧል። የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»